«መብራት መጣ» ስንል ማን መጣ?

አማርኛ መብራትን የሚያየው እንደ እንግዳ ነው። መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ያድራል፣ አንዳንዴም ብልጭ ብሎ ይጠፋና ሰፈሩን ሁሉ ያስቀይማል። አባባሉ ያምራል፤ እናርመው የሚል ሰው ቢነሣ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ። ነገር ግን አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «መጣ የምትሉት ምኑ ነው? ከየት ተነሥቶ መጣ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከአዋቂዎቹ መካከል ብዙው «ኤሌክትሮን ነዋ! ከግድቡ ተነሥቶ በሽቦ እየፈሰሰ እቤታችን ይደርሳል» ማለቱ አይቀርም። መልሱ የተማረ ሰው መልስ ይመስላል፤ ግን ስሕተት ነው። ስሕተቱም የግለሰቦች ስንፍና ያመጣው አይመስለኝም። ድምፅን በአንድ ምዕራፍ፣ ሙቀትን በሌላ፣ ኤሌክትሪክን በሦስተኛ ከፋፍለን፣ ለእያንዳንዱ ትርጓሜ ሰጥተን፣ ትርጓሜውንም አስሸምድደን የማስተማራችን ውጤት ነው። ሦስቱን ምዕራፎች የሚያስተሳስር አንድ ጥያቄ አለ፤ ጉልበት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲሄድ ማን አብሮት ይሄዳል፣ ማንስ በቦታው ይቀራል? ትምህርቱ ከዚህ ጥያቄ መጀመር አለበት እላለሁ።

ቀላሉ ድምፅ ስለሆነ ከእሱ እንነሣ። ከበሮ ሲመታ ቆዳው ይርገበገባል። ቆዳው አጠገቡ ያለውን አየር ይገፋል፣ መልሶም ይለቀዋል፤ የተገፋው አየር ጎረቤቱን ይገፋል፤ ጎረቤቱም የራሱን ጎረቤት። ለግንብ ሥራ የተሰለፉ ሰዎች ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉ ያየ ልጅ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ድንጋዩ ከክምሩ ተነሥቶ ግንበኛው ዘንድ ይደርሳል፤ ተቀባዮቹ ግን ጎንበስ ቀና ከማለት በቀር ከቆሙበት አልተነቃነቁም። አየር ተቀባዩ ነው፣ ንዝረቱ ድንጋዩ። የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰዓት ሲታሰብ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አየሩ ራሱ በዚህ ፍጥነት ከከበሮው ወደ እኛ ቢነዳ ኖሮ የሚደርሰን ዜማ ሳይሆን ጣራ የሚገነጥል ዐውሎ ነፋስ በሆነ ነበር። ሁለት ሰዎች በተራ ድምፅ ሲጫወቱ ግን ንግግሩ የአየሩን ቅንጣት ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዘው ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ በሚያንስ ርቀት ብቻ ነው። ተቀባይ ከሌለ ደግሞ ቅብብል የለም። እንግሊዛዊው ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1660 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰዓት በመስታወት ዕቃ ውስጥ አንጠልጥሎ አየሩን በፓምፕ እየመጠጠ ሲያወጣ ቷ ቷ የሚለው ድምፅ እየደከመ ሄዶ መጥፋቱን ጽፏል። በተቃራኒው ተቀባዮቹ ጠበቅ ብለው የተያያዙ ከሆነ ቅብብሉ ይፈጥናል፤ በውኃ ውስጥ በሴኮንድ ወደ 1,480 ሜትር፣ በብረት ውስጥ ደግሞ ወደ 5,000 ሜትር ይደርሳል።

ሙቀት ላይ ስንደርስ ጉዳዩ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ምክንያቱም ማእድ ቤታችን ከብዙ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የተሻለ የሙቀት ማስተማሪያ ነው። ወጥ የሚማሰለው በእንጨት ማማሰያ የሆነው ለጌጥ አይደለም። የብረት ጭልፋ ድስት ውስጥ ትንሽ ከቆየ እጀታው ይፋጃል፤ ማማሰያው ግን ጫፉ እየፈላ መያዣው እንደ ቀዘቀዘ ይቀራል። ብረት ሙቀትን ከቅንጣት ወደ ቅንጣት በማቀባበል ከእንጨት በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። እዚህም ላይ የብረቱ ቅንጣቶች ከጫፍ ወደ እጀታ አልሄዱም፤ በየቦታቸው እየተንቀጠቀጡ መንቀጥቀጣቸውን አቀበሉ እንጂ። ወደ ምጣዱ እንለፍ። ሸክላ ሙቀት ለማሳለፍ ዘገምተኛ ነው። ስስ ብረት ቢሆን እሳቱ የነካው ቦታ ብቻ ነድዶ ጥጉ ሊጡን ጥሬ ያስቀር ነበር፤ ሸክላው ግን ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ በገጹ ሁሉ ያዳርሰዋል፣ አከማችቶም ይይዛል። የመጨረሻውን እንጀራ ከማስፋቷ በፊት የኤሌክትሪክ ምጣዷን የምታጠፋ ጋጋሪ፣ ሸክላው ውስጥ የቀረው ጉልበት ለአንድ እንጀራ እንደሚበቃ በልምድ አስልታዋለች። ስሌቱን ግን ማንም ፊዚክስ ብሎ አልጠራላትም። ይህ ትዝብት እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይመስለኝም፤ ዕውቀት በቤት ውስጥ ሞልቶ እያለ ልጆቻችን ፊዚክስን ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር አድርገው የሚያዩት ከዚህ የተነሣ ነው።

አክንባሎውን ደግሞ እንመልከት። ከሊጡ የተነሣው እንፋሎት እንዳያመልጥ ይከድናል፤ እንፋሎቱም ወደ ላይ ወጥቶ የላይኛውን ገጽ ያበስላል። እንግዲህ እዚህ ላይ ጥያቄያችን የተለየ መልስ አገኘ፤ ቁስ አካሉ ራሱ ጉልበቱን ተሸክሞ ሄደ። በጀበና ውስጥ ያለው ውኃም እንዲሁ ነው፤ ከታች የሞቀው ቀለል ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይወርዳል፣ ዑደቱም ይቀጥላል። ፀሐይ ግን ሦስተኛውን መንገድ ታሳየናለች። 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቅ ቦታ፣ በመካከሉ አየር በሌለበት ጠፈር፣ ጨረሯ በስምንት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ይደርሰናል፤ አቀባይ የለም፣ ተሸካሚም የለም። ከምድርም ሙቀት ወደ ሰማይ እንዲሁ በጨረር ይወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚፈራ የደጋ ገበሬ ሰማዩ ጥርት ያለበትን፣ ነፋስ የሌለበትን ሌሊት ይጠረጥራል፤ ደመና ከሸፈነ ግን ይተኛል። ትክክል ነው፤ ደመናው ከምድር የሚወጣውን ጨረር ተቀብሎ ከፊሉን ወደ ታች ይመልሳል፤ ጥርት ባለ ሌሊት ግን የማሳው ሙቀት ወደ ጠፈር ያመልጣል። መማሪያ መጽሐፉ ሦስቱን መንገዶች በሦስት ስም ዘርዝሮ ያልፋል፤ ተማሪውም ስሞቹን ይዞ ፈተና ይገባል። ማን ተጓዘ፣ ማን ቀረ ብሎ የጠየቀ ልጅ ግን ስሞቹ ቢጠፉበት እንኳ ልዩነቱ አይጠፋበትም፤ በአንደኛው ተቀባዮቹ ቆመው አቀበሉ፣ በሁለተኛው ተሸካሚው ራሱ ሄደ፣ በሦስተኛው ማንም አላስፈለገም።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሊቃውንትም ብዙ ዓመት እንደተቸገሩ ለተማሪ መንገር ተገቢ ነው። ፈረንሳዊው ላቮዚዬ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሙቀትን ክብደት የሌለው ፈሳሽ አድርጎ ከንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ረምፎርድ የተባለ ሰው በሙኒክ ከተማ የመድፍ አፈሙዝ ሲቦረቦር እየተመለከተ ሙቀቱ ማለቂያ እንደሌለው አስተዋለ፤ ቡርቦራው እስከ ቀጠለ ድረስ ሙቀቱም አላባራም። ብረቱ ውስጥ ተጠራቅሞ የነበረ ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ባለቀ ነበር። የሚንቀሳቀሰው ነገር ዕቃ ነው ብሎ ማሰብ የሰው ልጅ የቆየ ዝንባሌ ነው። «ጋቢ ያሞቃል» የምንለውም ከዚያው ነው። ጋቢ በክሮቹ መካከል አየር ይዞ የሰውነታችንን ሙቀት እንዳያመልጥ ያዘገያል እንጂ ከራሱ የሚያወጣው ሙቀት የለውም። ለማረጋገጥ ሁለት እኩል በረዶ ወስዶ አንዱን በጋቢ መጠቅለል ነው፤ ብዙ ተማሪ የተጠቀለለው ቀድሞ ይቀልጣል ብሎ ይወራረዳል፤ ይሸነፋልም።

ኤሌክትሪክ ላይ ስሕተቱ ሥር የሰደደው በዚሁ ዝንባሌ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከዚያ የተነሣው 500 ሺህ ቮልት መስመር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሆለታ ይደርሳል። አሁን እናስላ። በመዳብ ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዘግሙት በጣም በዝግታ ነው፤ ከፍተኛ ጅረት በሚያልፍበት የቤት ሽቦ ውስጥ እንኳ በሴኮንድ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች። በሴኮንድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብንል፣ ከግድቡ ተነሣ የተባለው ኤሌክትሮን 600 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 38 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ማብሪያውን ስንጫን ግን አምፖሉ ዐይናችን ሳይርገበገብ ይበራል። ደግሞም እኛ የምንጠቀመው ጅረት አቅጣጫውን እየለዋወጠ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ ኤሌክትሮኖቹ እዚያው ባሉበት ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ የትም አይሄዱም። የሰፈራችን ትራንስፎርመር ነገሩን ይዘጋዋል። 15 ሺህ ቮልት የሚገባበት ጥቅልና ወደ ቤት የሚወጣው ጥቅል በሽቦ አልተገናኙም፤ በመካከላቸው የሚሻገረው በማግኔት መስክ በኩል የሚያልፍ ጉልበት ብቻ ነው። ከግድቡ አንዲት ኤሌክትሮን እንኳ እቤታችን አልገባችም። አምፖሉን ያበሩት ኤሌክትሮኖች ገና ሽቦው ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጡ የነበሩት ናቸው። የመጣው ጉልበት ነው፤ ተቀባዮቹ ሁሉ ባሉበት አሉ። ከበሮውና አየሩ፣ ጭልፋውና ድስቱ እንደገና ተመለሱ ማለት ነው።

ይህ ለፍልስፍና ብቻ የሚሆን ቁም ነገር አይደለም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ይፈጃል ብንል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። 11 ዋት አምፖል የሚስበው 0.05 አምፔር ነው። በሽቦ ውስጥ የሚባክነው ሙቀት በጅረቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በአንድ ዓይነት ሽቦ ላይ ምጣዱ የሚያስከትለው ሙቀት ከአምፖሉ በመቶ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ምጣድ በቀጭን ማራዘሚያ ሲሰካ ገመዱ የሚግለው፣ መሰኪያው የሚቀልጠው ለዚህ ነው። ከግድቡ የሚወጣው መስመር 500 ሺህ ቮልት የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ቮልቱ በአሥር እጥፍ ሲጨምር ለተመሳሳይ ጉልበት የሚያስፈልገው ጅረት በአሥር ይቀንሳል፣ ብክነቱ ደግሞ በመቶ። ትርጓሜ የሸመደደ ተማሪ የግድቡን ዜና ይሰማል፣ ማራዘሚያውም ሲግል ያያል፤ ሁለቱ የአንድ ስሌት ሁለት ገጽ መሆናቸውን ግን ማን ነገረው?

ምዕራፎቹን መነጣጠል የሚያሳጣን ሌላም ነገር አለ። የንጋት ቅዳሴም ሆነ የአዛን ድምፅ ቀን ከማይደርስበት ርቀት ሌሊት እንደሚሰማ በደጋ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ጸጥታው አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ግን ሙቀት ነው። ሌሊት ምድር ሙቀቷን በጨረር ስትለቅ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከላዩ ካለው ይቀዘቅዛል። ድምፅ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ስለሚዘገይ፣ ወደ ላይ ሊያመልጥ የነበረው ሞገድ ወደ ዘገየበት ወደ ምድር ይታጠፋል፤ ሩቅ ላለ ሰው ጆሮም ይደርሳል። ቀን ፀሐይ ምድርን ስታግል ነገሩ ይገለበጥና ድምፁ ሽቅብ ይሸሻል። የትራንስፎርመሩ እምምታም እንዲሁ ነው፤ 50 ጊዜ የሚመላለሰው ጅረት የብረት እምብርቱን በሴኮንድ 100 ጊዜ ያስለጥጠዋል፣ ያኮማትረዋል፤ ብረቱም አየሩን ያርገበግባል፣ ይሞቃልም። አንድ ሣጥን ውስጥ ሦስቱም ምዕራፎች አሉ።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ መምህራን ቀድመው የሚያነሡት ፈተናን ነው። ፈተናው ትርጓሜ ይጠይቃል፤ ጊዜው አጭር፣ ክፍሉ የታጨቀ ነው፤ «ማን ተጓዘ» እያልን ስንጠይቅ ምዕራፉ ሳያልቅ ዓመቱ ያልቃል ይላሉ። ችግሩ እውነት ነው። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ለዚህ ውጤት ተጠያቂው ሽምደዳ ብቻ ነው አልልም፤ ጦርነት፣ የኮሮና ዓመታት፣ የመጽሐፍና የመምህር እጥረት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን «በቃል ማስጠናት ቢያንስ ፈተና ያሳልፋል» የሚለው መከራከሪያ ከእነዚህ አኃዞች በኋላ ውኃ አያነሣም። ጊዜን በተመለከተም ሦስት ምዕራፎችን በአንድ ጥያቄ ማስተሳሰር ድግግሞሽን ይቀንሳል እንጂ አያበዛም፤ ቅብብልን በድምፅ የተረዳ ልጅ በሙቀት ላይ እንደገና ከዜሮ አይጀምርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቤተ ሙከራ አለመኖር ነው፤ ከዚህ ጋር የደኅንነት ስጋትም አብሮ ይነሣል። ስጋቱን በሙሉ ልብ እቀበላለሁ። ተማሪ የግድግዳ ሶኬት እንዲነካካ የሚጋብዝ መምህር ከሥራው ይነሣ። ግን አንድ ባትሪ ድንጋይ፣ ትንሽ ሽቦና የእጅ ባትሪ አምፖል ለኤሌክትሪኩ ይበቃሉ። ለድምፁ ሁለት ባዶ ጣሳና የተወጠረ ክር፣ ለሙቀቱ ማማሰያና የብረት ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ ውስጥ። ይህን ሁሉ የገጠር ተማሪ ከቤቱ ሊያመጣው ይችላል። የቤተ ሙከራ ሕንፃ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ሕንፃው እስኪሠራ ድረስ አንድ ትውልድ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም ማለቴ ነው።

ክብደት የምሰጠው ለሦስተኛው ተቃውሞ ነው። የፊዚክስ ሰዎች «የድንጋይ ቅብብል ምሳሌህ ራሱ ያሳስታል» ሊሉኝ ይችላሉ። በኤሌክትሪክ ጉልበቱን የሚያሻግረው በሽቦው ዙሪያ ያለው የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ እንጂ የኤሌክትሮኖች መገፋፋት ብቻ አይደለም፤ ብርሃንም ተቀባይ የማይፈልግ ስለሆነ ምሳሌው እዚያ ይሰበራል። ልክ ናቸው። ለዚህም ነው ከምሳሌው ይልቅ ጥያቄውን የማስቀድመው። ምሳሌ የሚሰበርበትን ቦታ ማሳየት ራሱ ትምህርት ነው፤ ቅብብሉ ለከበሮና ለጭልፋ ሠርቶ ለፀሐይ ሲከሽፍ ተማሪው ለምን ብሎ ይጠይቃል፣ ስለ መስክ ለመስማትም ጆሮው ይከፈታል። ትርጓሜ ግን አይሰበርም፤ ስለማይሰበርም ጥያቄ አይወልድም። የቋንቋም ነገር አለ። በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ልጁ ቃሉን ይዞ ነገሩን ይስታል። በየቀን ንግግራችንም «ኃይል» የሚለው አንድ ቃል ለሦስት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች ያገለግላል፤ የአንደኛ ደረጃ መጻሕፍት «ጉልበት» ሲሉ ዜና አንባቢው «ኃይል» ይላል። ይህን ውዥንብር የቃላት ኮሚቴ ብቻውን አይፈታውም። አቀበለ፣ ተሸከመ፣ ረጨ የሚሉት ግሦች ግን በእያንዳንዱ ልጅ አፍ አሉ፤ ሦስቱን የሙቀት መንገዶች በእነዚህ አስጀምሮ የእንግሊዝኛውን ስም በኋላ መለጠፍ ይቻላል።

እንግዲህ የፈተና አውጪዎች በእውነት መለወጥ ከፈለጉ «ድምፅ ምንድን ነው?» የሚለውን ሰርዘው በቦታው አንድ ጥያቄ ያስገቡ። ጥርት ባለ የታኅሣሥ ሌሊት የቤተ ክርስቲያን ደወል ከቀን ይልቅ ርቆ ይሰማል፤ በዚያው ሌሊት ማሳው ላይ ውርጭ ወድቋል፤ የሁለቱን ምክንያት አያይዛችሁ አስረዱ።